«ጊዜ ቆመ» ስንል በማን ሰዓት ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ብላክ ሆል የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ጉዳይ በአማርኛ መጻፉ ደስ ያሰኛል፤ ይልመድባችሁ። ሆኖም በብላክ ሆል አፋፍ ላይ፣ ማለትም ካለፉት ወዲያ ብርሃን እንኳ ከስበቱ ማምለጥ በማይችልበት ድንበር ላይ፣ ጊዜ ይቆማል ተብሎ የተጻፈው እንዲሁ እንዲያልፍ አልፈልግም። ሥራዬ ቅየሳ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ልኬት ከየትኛው ነጥብ ተነሥቶና በምን መሣሪያ እንደተወሰደ ካልተጻፈበት ማንም አይቀበለውም። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 ያቀረበው አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብም ይህንኑ ይጠይቀናል፤ ለኪው የት ነው ያለው? ሰዓቱስ የማን ነው?

ወደ ብላክ ሆል የሚወድቅ ሰው ይዞት የሚወርደው ሰዓት ከቶ አይቆምም። ሰከንዱን እየቆጠረ አፋፉን ያልፋል፤ ብላክ ሆሉ እጅግ ግዙፍ ከሆነ ሰውየው ማለፉን እንኳ ላያስተውል ይችላል። በሩቅ የቀረው ጓደኛው ግን በየሰከንዱ የተላከለት የብርሃን ምልክት እየዘገየ፣ እየቀላ፣ እየደበዘዘ ይደርሰዋል፤ ልክ አፋፉ ላይ የተላከው ጨርሶ አይመጣም። ቆመ የተባለው እንግዲህ የምልክቶቹ መድረስ ነው። የወደቀው ሰው ሰዓት አልተበላሸም፣ የሩቁ ተመልካችም አልተሳሳተም።

ሰዓት የሚለካው ራሱ በተጓዘበት መንገድ ላይ ያለፈውን ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ማንም አይከራከርም። ጣጣው የሚመጣው ሩቅ ያለን ሰዓት በእጃችን ካለው ጋር ስናስተያይ ነው። ለዚያ ወይ ሁለቱ ሰዓቶች ተለያይተው እንደገና መገናኘት አለባቸው፣ ወይ ምልክት መለዋወጥ አለብን። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃፌል እና ኪቲንግ የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች የአቶም ሰዓቶችን በመንገደኛ አውሮፕላን ዓለምን አዙረው መልሰው ምድር ላይ ከቀሩት ጋር አስተያዩአቸው። ወደ ምሥራቅ የዞሩት 59 ናኖ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ወደ ኋላ ቀርተው፣ ወደ ምዕራብ የዞሩት ደግሞ 273 ናኖ ሰከንድ ገደማ ቀድመው ተገኙ። ሰዓቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ነውና ይህ የማያሻማ ልኬት ነው።

ርቀት ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ እኔንም ይበልጥ የሚይዘኝ እሱ ነው። ቶታል ስቴሽን የተባለው የቅየሳ መሣሪያችን በመሠረቱ ብርሃንን መልሶ ወደሚያንጸባርቅ ፕሪዝም ልኮ፣ ደርሶ ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ ግማሽ በብርሃን ፍጥነት ያባዛል። ሜትር ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሚተረጎመው ብርሃን በ1/299,792,458 ሰከንድ ውስጥ በሚጓዘው ርዝመት ነው። እንግዲህ አንዱ ቀያሽ ከረጅም ማማ ሥር፣ ሌላው ከጫፉ ሆነው በመካከላቸው ያለውን ያንኑ ርቀት በዚህ ዘዴ ይለኩ። በአንስታይን ንድፈ ሐሳብ መሠረት ወደ ምድር የቀረበ ሰዓት ከራቀው ስለሚዘገይ፣ የላይኛው ሰዓት ከታችኛው በጥቂቱ ይፈጥናልና የላይኛው ቀያሽ በጥቂቱ የሚበልጥ ቁጥር ያገኛል። ልዩነቱን ዛሬ መስክ ይዘን የምንወጣው መሣሪያ አያየውም፤ መኖሩ ግን አያጠራጥርም። የቱ ነው ትክክሉ? ሁለቱም። እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሰዓት የለኩትን ነው የጻፉት። አጠገባቸው የሚያልፈውን ብርሃን ፍጥነት ቢለኩ ደግሞ ሁለቱም ያንኑ 299,792,458 ሜትር በሰከንድ ያገኛሉ።

በፀሐይ አጠገብ ሲሆን ውጤቱ ይጎላል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኧርዊን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1964 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ወደ ሜርኩሪና ወደ ቬነስ የተላከ የራዳር ምልክት በፀሐይ ጠርዝ አጠገብ ሲያልፍ፣ ደርሶ ለመመለስ እስከ 200 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ገደማ ጨምሮ ወስዷል። በእኛ መሣሪያ ስሌት ይህ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ፕላኔቷ ራቀች ብሎ መጻፍም ሆነ ብርሃኑ ዘገየ ብሎ መጻፍ የሚቻለው የአለካኩን ዘዴ አብሮ ለጻፈ ሰው ብቻ ነው።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸው ከምድሩ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ስለዚህ ከመተኮሳቸው በፊት የሰዓቱ ምት ከ10.23 ሜጋኸርትዝ ወደ 10.22999999543 ዝቅ ይደረጋል። ይህም የሚደረገው ሰዓቱ ስሕተት ስላለበት ሳይሆን ምልክቱን የምንቀበለው እዚህ ታች ያለነው እኛ ስለሆንን ነው።

ምድር ላይ ከፍታ በአንድ ሜትር በጨመረ ቁጥር ሰዓት የሚፈጥነው ከአሥር ሺህ ትሪሊዮን አንድ እጅ ያህል ነው። ይህ ኢምንት መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የ33 ሴንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት በሁለት የአሉሚኒየም አዮን ሰዓቶች መካከል ተነበበ፤ በ2022 ደግሞ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ በታጨቁ የስትሮንቲየም አቶሞች መካከል ልዩነቱ ተለካ። ከፍታ ለመለካት ሌቭል የተባለውን መነጽር ተክለን፣ ስታፍ የተባለውን ባለቁጥር ዘንግ አንብበን ለምናድር ሰዎች ይህ ታላቅ ዜና ነው፤ ሰዓት ራሱ ከፍታ መለኪያ ሊሆን ነው ማለት ነውና።

ስለዚህ ጽሑፉን በምታርሙበት ጊዜ፣ ወደ አፋፉ ከሚወርድ ሰዓት የሚላኩ ምልክቶች ከሩቅ ለሚመለከት ሰው እየዘገዩ እንደሚደርሱት፣ ለወረደው ሰው ግን ሰዓቱ እንደወትሮው እንደሚቆጥር አብራችሁ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ። ሰዓትን ለከፍታ ልኬት ለማዋል ስለሚደረገው ምርምርም አንድ ሰፋ ያለ ጽሑፍ ብታወጡልን የሙያ ባልደረቦቼ በጉጉት ያነቡታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ቀያሽ