«ቦርዱ ተቃጥሏል» ከማለት በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ አንድ አንባቢ የድሮ ጨዋታዎች በአዲሱ ቴሌቪዥኑ ላይ እየደበዘዙና እየተንቀጠቀጡ እንዳስቸገሩት ጽፎ መፍትሔ ጠይቆ ነበር። የሰጣችሁት መልስ «ጥራት ያለው የኤችዲኤምአይ ኬብል ግዛ፤ ካልሆነም ቴሌቪዥኑን ቀይር» የሚል ነው። እኔ ደሴ ውስጥ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ እየጠገንሁ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ምክሩ የኬብል ነጋዴ እንጂ የጠጋኝ ስላልመሰለኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

የኤችዲኤምአይ ኬብል የሚያስተላልፈው ቁጥር ነው። ኬብሉ ሲበላሽ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ነጠብጣብ ይረጭበታል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ምስሉን የማደብዘዝ ወይም ጎኑን የመለጠጥ አቅም ግን የለውም። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም መሣሪያው ምን ዓይነት ምስል እየላከ እንደሆነና ቴሌቪዥኑ ምን ዓይነቱን እንደሚቀበል መጠየቅ ይቀድማል። እጅ ወደ ኪስ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

በቅርቡ አንድ የሰፈራችን ልጅ አክስቱ ከዋሽንግተን የላከችለትን ኒንቴንዶ ዊ የሚባል የጨዋታ መሣሪያ ይዞልኝ መጣ። ዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ገበያ ላይ የዋለ መሣሪያ ስለሆነ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የለውም፤ ልጁም ከኋላው ምስሉን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጥ ትንሽ ነጭ ኮንቨርተር ሰክቶበታል። ኢሙሌተር የሚባለውን፣ የሌላ መሣሪያን ጨዋታ አስመስሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም ጭኖ ሱፐር ኒንቴንዶ የሚባለውን የቀድሞ መሣሪያ ጨዋታ ይጫወትበታል። «ጋሼ፣ ማውጫው በደንብ ይታያል፤ ጨዋታው ሲጀምር ግን ቴሌቪዥኑ ሲግናል የለም ይላል» አለኝ። ከእኔ በፊት ያየው ሱቅ ቦርዱ ተቃጥሏል ብሎ ለመቀየሪያ የጠየቀው ገንዘብ ሌላ ዊ ይገዛል።

ቦርዱ ከተቃጠለ ታዲያ ማውጫውን ማን አሳየው? በነጩ ኮንቨርተር ጎን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለ። ትንሽ ስፒከር ሰካሁበት፤ የጨዋታው ሙዚቃ ጥርት ብሎ ወጣ። ልጁ ምንም በማይታይበት ስክሪን ፊት ቁልፉን ሲጫን የዝላዩ ድምፅ ይከተለዋል። ጨዋታው እየሄደ ነው ማለት ነው፤ የሚላክለትን ምስል አልቀበልም ያለው ቴሌቪዥኑ ነው።

የቴሌቪዥን ምስል ከላይ እስከ ታች በተደረደሩ አግድም መስመሮች የሚሳል ነው፤ ማውጫው በ480 መስመር ይመጣል። ልጁ ግን የጥንቱን መልክ ይሰጣል ሲባል ሰምቶ በፕሮግራሙ የቪዲዮ ማስተካከያ ውስጥ «ሬንደሪንግ» የሚለውን «ኦሪጂናል» ላይ አድርጎታል። ያኔ ጨዋታው ሲጀምር ዊ የሚያወጣው 240 መስመር ብቻ ይሆናል። ባለቱቦ ቴሌቪዥን ይህን ያለ ምንም ማንገራገር ያሳያል፤ በኤችዲኤምአይ በኩል ሲመጣ ግን የማያውቁት ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ብዙ ናቸው። የሆም ቁልፉን ተጭነን ወደ ማውጫው ተመለስን፣ «ፊልተርድ» የሚለውን መረጥን፣ ምስሉ መጣ። መፍቻም መበየጃም አላነሳሁም። ሬትሮአርች በሚባለው ሌላ ኢሙሌተር እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ማውጫውም አብሮ ስለሚጠፋ ትንሽ ያስቸግራል። ያን ጊዜ መሣሪያውን በቢጫው የድሮ ቪዲዮ ገመድ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ እያዩ ማስተካከል፣ ወይም የማስታወሻ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ የማስተካከያ ፋይሉን ማጥፋት ነው። ፋይሉ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ወደ መጀመሪያ አቋሙ ይመለሳል።

የዚህ ሁሉ ሥር የቆየ ነው። የእኛ ሀገር ቴሌቪዥን የኖረው ፓል በሚባለው የምስል አላላክ ስልት ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ። አሜሪካና ጃፓን የያዙት ኤንቲኤስሲን ነው፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ገደማ። ሁለቱም አንዱን ምስል ለሁለት ከፍለው፣ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጥሎ የቀሩትን ይልካሉ። የድሮ ጨዋታ መሣሪያ ሠሪዎች ግን ሁለቱ ግማሾች በየመሃላቸው መግባታቸውን ትተው አንድ ቦታ ላይ እንዲያርፉ አደረጓቸው። መስመሩ በግማሽ ቀነሰ፣ ምስሉ ግን መንቀጥቀጡን ተወ። ብልህ ሥራ ነበር። ዛሬ አዲስ ቴሌቪዥን በቢጫው ገመድ ይህን ሲቀበል ለሁለት የተከፈለ ምስል ይመስለውና ሊያጋጥመው ይሞክራል። በፍጥነት የሚሮጥ ነገር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ተጫዋቹ በጠላት ሲመታ ብልጭ ድርግም የሚለውን ታስታውሱታላችሁ? በአንዱ ምስል አለ፣ በሚቀጥለው የለም። ቴሌቪዥኑ ሁለቱን ሲያጋጥም ሰውየው በአግድም ተሸንሽኖ ይቀራል፣ አለዚያም ጉዳቱ እስኪያልፍ ድረስ ከነጭራሹ አይታይም። አንባቢያችሁን ያስቸገረው የምስል መንቀጥቀጥ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ከአሜሪካ የመጣ መሣሪያ ፓል ብቻ በሚያውቅ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ ደግሞ ቀለሙ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ምስሉ ወደ ላይ ይንከባለላል። ቴሌቪዥኑ ሁለቱንም የሚያውቅ ከሆነ በሪሞቱ «ከለር ሲስተም» ውስጥ ገብቶ «አውቶ» ማድረግ ይበቃል። በፍላት ቴሌቪዥኖች ላይ ሌላም የጥቁርና ነጭ ምክንያት አለ፦ ቢጫውን መሰኪያ የሚጋራው አረንጓዴው ቀዳዳ ነውና ቴሌቪዥኑ በሦስት ገመድ ለሚመጣ ምስል የሚሆነው «ኮምፖነንት» ላይ ተደርጎ ከሆነ ቀለም አይመጣም። «ኤቪ» የሚለውን መምረጥ ነው።

ገጻችሁ በግራና በቀኝ የሚታየውን ጥቁር ቦታ እንደ ብልሽት ቆጥሮታል። ብልሽት አይደለም። ጨዋታዎቹ የተሳሉት ወርዱ 4 ቁመቱ 3 ለሆነ ስክሪን ነው፤ የዛሬው 16 በ9 ነው። ጥቁሩን ለመሙላት ሲለጠጥ ኳሱ ሞላላ ይሆንና ሰዉ ሁሉ ይደልባል። ከላይና ከታችም ቁጥር አለ። 240 መስመር በ720 ስክሪን ላይ ልክ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ በ1080 ላይ ግን አራት እጥፍ ከግማሽ ነው። አንዱን መስመር በአራት፣ አንዱን በአምስት ሲያሳየው ምስሉ ወደ ላይና ወደ ታች በሄደ ቁጥር መሬቱና ግድግዳው ይርገበገባሉ። በኢሙሌተሩ ላይ በሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲያሳድግ ማዘዝ ይቻላል፤ ምስሉ 960 መስመር ላይ ይቆምና ከላይም ከታችም 60 መስመር ጥቁር ይቀራል። እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ። ነጥብ የሚጻፍበት ጠርዝ ተቆርጦ ከሆነ ግን ምስሉን እያጎላ የሚቆርጠው ቴሌቪዥኑ ነው፤ በሪሞቱ የምስል መጠን ውስጥ ኤልጂ «ጀስት ስካን»፣ ሳምሰንግ «ስክሪን ፊት» የሚሉት አለ።

ይህ የድሃ ልጅ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሶኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ፕሌይስቴሽን ክላሲክ የሚባል 20 ጨዋታ የያዘ ትንሽ መሣሪያ ሲያወጣ፣ ለአሜሪካና ለአውሮፓ በሸጠው ላይ ዘጠኙ ጨዋታዎች የ50ው፣ የፓል ቅጂዎች ነበሩ፤ ቴከን 3 አንዱ ነው። በሰከንድ 50 ምስል በ60 ስክሪን ላይ ሲታይ ከአምስቱ አንዱ እየተደገመ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል፤ ለ60 የተሠራ ጨዋታ ሳይስተካከል በ50 ከተነዳ ደግሞ ከስድስት አንድ እጅ ይዘገያል። ደንበኞች አጥብቀው አማረሩ፤ እውነት ነበራቸው።

ጥራት በጨመረ ቁጥር የድሮ ጨዋታ ያምራል የሚለውም አይዋጥልኝም። ሴጋ ሜጋ ድራይቭ በሚባለው መሣሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን ሶኒክ የተባለ ጨዋታ ተመልከቱ። ፏፏቴው የተሳለው ጎን ለጎን በተደረደሩ ቀጫጭን ቁም ሰረዞች ነው። በቢጫው ገመድ ቀለሞቹ ስለሚደባለቁ ውኃው ብርሃን የሚያሳልፍ መስሎ ይታያል። በኤችዲኤምአይ ሲጠራ ፏፏቴው ይቀርና ሰረዞቹ ብቻ ይታያሉ። ሠዓሊው የገመዱን ድክመት ቀለም አድርጎት ነበር። በዚህ ላይ ምስሉን የሚያለሰልስ ፊልተር መጠቀም ነውር የለውም።

ከምስል ጉዳይ ወጣ ቢልም ገጻችሁ አንድ ነገር እንዲያወጣልኝ እለምናለሁ። ከአሜሪካ የሚላክ ዊ አብሮት የሚመጣው አዳፕተር ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። የሶኬት ቅርጽ መለወጫ ሰክቶ መሞከር አዳፕተሩን ያቃጥላል። ለአውሮፓ የተሠራውን የዚያኑ መሣሪያ አዳፕተር፣ የሚያወጣው 12 ቮልትና 3.7 አምፔር የሆነውን ፈልጋችሁ ግዙ፤ ሻጩም ከመክፈላችሁ በፊት ሜትር አውጥቶ እንዲለካላችሁ ጠይቁት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ ከደሴ