ቲቸር፣ ይባዛል ወይስ ይካፈላል?

ክቡር አዘጋጅ፣

የ7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍልፋይ ያለበት የቃላት ጥያቄ ስሰጥ፣ ተማሪዎቼ ገና ሳያነቡት "ቲቸር፣ ይባዛል ወይስ ይካፈላል?" ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። "'ቀረ' ካለ ቀንሱ፣ 'በጠቅላላ' ካለ ደምሩ" እያልን ያስለመድናቸው እኛው ነን።

ባለፈው ይህን ሰጠኋቸው፦ አንዲት እናት 1 ኩንታል ጤፍ ነበራቸው። 2/5ኛውን ሸጡ። ከቀረው ሲሶውን ለእህታቸው ሰጡ። ስንት ኪሎ ቀራቸው? ብዙዎቹ የ100ን ሲሶ ለማውጣት ተሯሯጡ። "ከቀረው" የምትለዋን ቃል ዘለሏት። (ሲሶ፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ፣ ምንድን ነው ያሉኝም አሉ። ሩብን ግን ከሱቅ ያውቋታል።)

ቁጥር ከመንካታችሁ በፊት ሣሉት አልኳቸው። ረዘም ያለ ሣጥን፣ 5 እኩል ቦታ የተከፈለ። እያንዳንዱ 20 ኪሎ። ሁለቱ ተሸጠ፣ ሦስት ቀረ። የሦስቱ ሲሶ አንድ ክፍል ነው። አንዱ ልጅ "እንዴ፣ በቃ 40 ኪሎ ነዋ!" አለ።

እንዲህ ሲሠራ አንድ ጥያቄ ክፍለ ጊዜውን ሊበላው ይችላል። ምዕራፍ የመጨረስ ጥድፊያም አለብን። እኔ ግን 10 ጥያቄ ከማሯሯጥ ሁለቱን እየሣልን ብንሠራ እመርጣለሁ። ወላጆችም ደብተር ስታዩ ሥዕሉን እንደ ጨዋታ አትቁጠሩብን።

አንድ የሒሳብ መምህር
ከአዲስ አበባ