የቦረና ሣር እሳቱን ይፈልጋል

ይድረስ ለመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ከያቤሎ ተነስቶ በሜጋ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርድ ሰው ግራና ቀኙ አረንጓዴ ይሆንበታል። «አገሩማ ለምለም ነው» ብሎ ያልፋል። ከመኪናው ወርዶ ትንሽ ገባ ቢል ግን ያ ሁሉ አረንጓዴ እሾህ ነው። ከሥሩ ቀይ አፈር እንጂ ሣር የለም። ላሟ የቀረችውን እፍኝ ሣር ለማግኘት በእሾሁ መሃል አንገቷን ታሰግጋለች፤ ስትወጣ አፍንጫዋ ተቧጭሯል።

ይህ አገር የሣር ሜዳ ነበር። ሽማግሌዎቻችን በበጋው መጨረሻ፣ ዝናቡ ሊጥል ሲል፣ ያረጀውን ሣር ያቃጥሉ ነበር። እሳቱ ለጋውን ቁጥቋጦ ይገድላል፣ መዥገሩን ይቀንሳል። ዝናብ ሲጥል ሣሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማቃጠል ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ እሾሁን የሚያቆመው ጠፋ። ከብት ብቻ ያረባ የነበረ ሰው ዛሬ ግመልና ፍየል የሚያበዛው ወዶ አይደለም፤ ቅጠል የሚበሉት እነሱ ስለሆኑ ነው።

እሾሁ አንዴ ከገጠመ ደግሞ እሳት ብቻውን አይበቃውም። ሣር ከሌለ ምን ይነዳል? መጀመሪያ መመንጠር፣ ከዚያ መሬቱን ከግጦሽ ማሳረፍ፣ ሣሩ ሲሞላ ማቃጠል ነው። ዓመታት ይፈጃል። በአንድ በጀት ዓመት ዘመቻ አያልቅም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲከዳን ከብታችን አለቀ። የዝናቡ መቅረት የማንም ጥፋት አይደለም። ግን ለክፉ ቀን የሚሆነውን ሣር እሾሁ ቀድሞ ወስዶት ነበር። ሞያሌን ተሻግሮ ኬንያ መግባትም አላዳነም፤ ድርቁ እዚያም ነበር።

የምንጠይቀው ይህን ነው። በመመሪያ የተደገፈ ማቃጠል ይፈቀድልን። የትና መቼ እንደሚቃጠል የየአካባቢው ሽማግሌዎች ይወስኑ። በኤላዎቻችን፣ ማለትም በጥልቅ የውሃ ጉድጓዶቻችን፣ ማን ቀድሞ ከብቱን እንደሚያጠጣ የውሃ ተራ አስከባሪው አባ ሄሬጋ ይወስናል፣ ሰውም ይታዘዛል፤ ለእሳቱም ሥርዓት አያጣም። ሁሉም ግራር ይቆረጥ አላልንም፤ ጥላውም ለፍየል የሚሆነው ቅጠሉም ያስፈልገናል። የያቤሎና የአሬሮ የጽድ ደን ደግሞ እሳት ፈጽሞ እንዳይደርስበት ይከለል። ድንበሩ አጠገብ ሲቃጠል የኬንያ ወገኖቻችን አስቀድመው ይነገራቸው።

ከመጪው የመጋቢት ዝናብ በፊት ባለሙያዎቻችሁን ላኩልን። የትኞቹ ሜዳዎች ቶሎ ሊድኑ እንደሚችሉ ሽማግሌዎቹ ይዘዋቸው ዞረው ያሳዩአቸዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቦረና ከብት አርቢ ልጅ፣ ከያቤሎ