ለሜሪላንድ የትምህርት ቦርድ፦ የእርሾውም ደብተር ይቆጠርልን

የተከበራችሁ የሜሪላንድ ስቴት የትምህርት ቦርድ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው እንግሊዝኛ አጥሮኝ አይደለም። የእንግሊዝኛውን ቅጂ ለብቻው ልኬላችኋለሁ። አማርኛውን እንደኔ ያሉ ወላጆችም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ጉዳዬ ልጄ በአማርኛ የጻፈችው የሳይንስ ደብተር በቤት ትምህርት ግምገማ ሳይቆጠር መቅረቱ ነው።

እኔና ባለቤቴ ሁለት ልጆቻችንን ቤት ውስጥ እናስተምራለን። ሐበሻው «ሆምስኩል» ይለዋል። የጀመርነው በፈረንጆቹ 2020 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ነው። ለጊዜው ብለን ገባንበት፣ በዚያው ቀረን። ዘመድ አልወደደልንም። አክስቴ እስከ ዛሬ «አሜሪካ ድረስ መጥታችሁ ልጅ ከትምህርት ቤት ታስቀራላችሁ?» ትለኛለች።

እየቆየን ስንሄድ ያወቅነውን በአማርኛ እየጻፍን ለሌሎች ማካፈል ጀመርን። አሁን ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከባልቲሞር አካባቢም ይደወልልናል። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሁሌ አንድ ነው። «ሕጋዊ ነው ወይ? ልጄን አይወስዱብኝም?»

ሕጋዊ ነው እላቸዋለሁ። ቁጥሩ 13ኤ.10.01 የሆነው የስቴቱ ደንብ ግልጽ ነው። ማስተማር ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ለካውንቲያችሁ (ለወረዳችሁ) የትምህርት ቢሮ በጽሑፍ አሳውቁ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤና፣ ስፖርት አስተምሩ። ልጁ የሠራውን ሰብስባችሁ በፎልደር ያዙ። ካውንቲው በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ ሊገመግም አይችልም። ጉድለት ቢገኝ እንኳ ማስተካከያ 30 ቀን አላችሁ። ይህን ስነግራቸው ድምፃቸው ሲረጋጋ ይሰማኛል። አንዷ እናት ግን የደወለችልኝ ዘግይታ ነው። ልጇን አስቀድማ አስወጥታ ቅጹን ከሳምንታት በኋላ ነው የሞላችው። በመሃል የቀሪ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። የ15 ቀኑን ነገር በቋንቋዋ የነገራት ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ።

ባለፈው ክረምት የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ከአያቷ ጋር ሊጥ ማቡካት ተማረች። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ስለዚህ ትምህርቱም በአማርኛ፣ ደብተሩም በፊደላችን ነው። ልጅቷ የጤፍ ሊጡን በሁለት ዕቃ ከፈለችው። ለሁለቱም እኩል እርሾ ሰጠች። አንዱን ማሞቂያው አጠገብ፣ ሌላውን ቀዝቃዛው ቤዝመንት ውስጥ አስቀመጠች። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትር እያነበበች መዘገበች። የሞቀው በሦስተኛው ቀን ኩፍ አለ። የቤዝመንቱ አምስት ቀን ፈጀ። ከዚያ አረፋው ምን እንደሆነ አነበበች። እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጡ፣ የእንጀራውም ዓይን ከዚያ እንደሚመጣ በራሷ ቃል ጻፈች። እናቴ ደግሞ አንዱን ሊጥ አብሲት ሳትጥልበት ጋግራ ልዩነቱን አሳየቻት። (ያንን የበላነው እኔና ባለቤቴ ነን።)

ለግምገማ ስንሄድ ያንን ደብተር ከላይ አድርጌ ያዝኩ። ኮርቼበት ነበር። ገምጋሚዋ ጨዋ ሴት ናት። አገላበጠችው። «ምግብ ማብሰል ጥሩ ነው፤ ግን ማንበብ ስለማልችል ልቆጥረው አልችልም» አለችን። ለሳይንስ በእንግሊዝኛ የተሠራ ነገር እንድናመጣ ተነገረን። እኔም 30 ቀን አልጠበቅኩም። በማግሥቱ ስለ እሳተ ገሞራ አንድ ወርክሺት (የመልመጃ ወረቀት) ከኢንተርኔት አውርጄ አስሞላኋት። በሃያ ደቂቃ ጨረሰችው። የሳምንታቱ ሥራ ቀርቶ እሱ ተቆጠረ።

ወንድሟ ጳጉሜን አንዴ አምስት አንዴ ስድስት እያደረገ የሐበሻውን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይርበት የሒሳብ ደብተር ነበረው። እሱን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። ፈራሁ።

ገምጋሚዋን አልወቅስም። የማታነበውን አንብቤያለሁ ብላ ብትፈርም ነበር የሚገርመኝ። ግን ደንቡ እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይጠይቃል እንጂ የሳይንሱ ደብተር በምን ቋንቋ ይጻፍ አይልም። እንዲያውም ካውንቲዎች ደንቡ ውስጥ የሌለ ተጨማሪ ግዴታ እንዳይጥሉ ይከለክላል። በየቢሮው ያለው ገምጋሚ ይህንን በየራሱ ሲተረጉመው ነው ችግሩ የሚመጣው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በሌላ ቋንቋ የተሠራ የልጅ ሥራ አጭር የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ከተያያዘበት እንደሚቆጠር ለካውንቲዎች በጽሑፍ አሳውቁ። ማብራሪያውን እኛ ወላጆች እንጽፋለን፤ አስተርጓሚ ቅጠሩልን አላልንም። ሁለተኛው፣ የማሳወቂያው ቅጽ መመሪያ በአማርኛ ይውጣ። ቢያንስ የ15 ቀኗ መስመር። ለትርጉሙ እኛ ጀምረናል፣ ረቂቁን ከእንግሊዝኛው ቅጂ ጋር አያይዤላችኋለሁ። ስህተት ካለበት አርሙት።

የሚቀጥለው ግምገማችን በፀደይ ነው። ልጅቷ አሁን የያዘችው ሙከራ ስለ እርጎ ነው፤ ደብተሩም እንደገና በአማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ ገልብጠሽ ጻፊው ልበላት ወይስ እንዳለ ይዤው ልምጣ? መልሳችሁ ከዚያ በፊት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ