ጥሩምባው ከለቅሶ በፊት ይነፋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ክረምት ሊገባ ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ያሰጋል የሚል ማስጠንቀቂያ እንሰማለን። «ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ያድርግ» ይባላል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ወንዝ ዳር ባለ ሰፈር የእድር ጸሐፊ ነኝ። ኅብረተሰቡ የሚባለው እኛ ነን። አስፈላጊው ጥንቃቄ ምን እንደሆነ ግን ሰፈራችን ድረስ መጥቶ ያስረዳን ሰው እስከ ዛሬ የለም።

የሰፈራችን ቤቶች ተዳፋቱ ላይ እንደ ደረጃ የተደራረቡ ናቸው። የአንዱ ግቢ ከታች ላለው ጎረቤት ከጣሪያው በላይ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ የላይኛው ግቢ የድንጋይ ካብ ተናደና የታችኛዋን ጎረቤታችንን ማድቤት ደፈጠጠው። የ12 ዓመት ልጇ እዚያ ነበር የሚተኛው። እሪታዋን ስንሰማ ሁላችንም ወጣን። ጋቢ የደረበ አለ፣ ባዶ እግሩን የመጣ አለ። በሞባይል መብራት ድንጋዩን እያነሳን መወርወር ጀመርን። ዝናቡ አላቆመም። ቢያንስ 30 ሰው ከቀረው ካብ ሥር ተፋፍጎ ነበር።

ልጁን አወጣነው። እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ዛሬ ድኖ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሱን ተሸክመን ዞር ስንል ማዶ በረንዳቸው ላይ የቆሙ አንዲት እናት «ኧረ ልጆቼ ውጡ! ከላይ ጠጠር እየወረደ ነው!» ብለው ጮኹ። እኛ አጎንብሰን ድንጋይ ስናነሳ ማን ቀና ብሎ ያያል? ግማሹ ሰው ገና ከግቢው ሳይወጣ የቀረው ካብ እኛ የቆምንበት ቦታ ላይ ወረደ። ሰው አልነካም። ያ ድምፅ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ በሐሳቤ የመጣው የደቡብ ኢትዮጵያው ጎፋ ዞን ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት እሪታ ሰምቶ ሮጠ። የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ሄዱ። ሰው በአካፋ፣ በዶማና በባዶ እጁ ጭቃውን እየዛቀ ሳለ ሌላ ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱ ናቸው። አገር ለሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ።

እሪ ሲባል መሮጥ ያደግንበት ነው። ማንም እንዲተወው አልፈልግም። መንግሥት ከተማ ውስጥ እንኳ እስኪደርስ ጊዜ ይወስድበታል፣ ገጠር ደግሞ ማሽን የሚገባበት መንገድ ራሱ ላይኖር ይችላል። የመጀመሪያዋን ሰዓት የሚሠራው ጎረቤት ነው። የእኔ ጥያቄ ይህ ጎረቤት ሲሮጥ ምን አውቆ ይሩጥ የሚል ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ነገር አንድ ሰው ነው። ሌላው ሲቆፍር እሱ አይቆፍርም። ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ዓይኑን ከተዳፋቱ አይነቅልም፣ ፊሽካ በአፉ ይይዛል። ጠጠር ሲወርድ፣ ዛፍ ሲያጋድል፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ ካየ ይነፋል። ሲነፋ ሁሉም ጥሎ ይወጣል፣ የት እንደሚሮጥም ቀድሞ ተነግሮታል። አንድ ጊዜ የተናደ መሬት ውሃ እንደጠጣ ነው፣ ደግሞ ሊናድ ይችላል። ለዚህ ነው ሁሉም ባንድ ጊዜ መግባት የሌለበት። ጥቂት ሰው ይቁፈር፣ ሌላው ራቅ ብሎ ተራውን ይጠብቅ። በየመሃሉም ሁሉም ጸጥ ይበል፣ ከሥር ድምፅ ካለ እንዲሰማ። እኛ ያን ሌሊት ሁላችንም እንጮህ ነበር። ልጁ ይጣራ እንደነበር የነገረን በኋላ ነው።

ይህንን ሥራ ለእድር ስጡት እላለሁ። እድር ጥሩምባ ነፊ አለው። ሌሊት የሰው ሞት ሲሰማ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ያው ጥሩምባ ወንዙ ሲሞላ፣ ካቡ ሲሰነጠቅ፣ ሰው በሕይወት እያለ ቢነፋ ምን ይከለክለዋል? እድር መዝገብም አለው። የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር፣ ቆሼ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ፣ ከሥር ስንት ሰው እንዳለ ግን ወዲያው በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። እኔ መዝገቤን ገልጬ በየቤቱ ስንት አባል እንዳለ መናገር እችላለሁ። የተከራዮቹ ስም ግን የለኝም፣ ዘንድሮ እሱን መጻፍ ጀምሬያለሁ።

መንግሥት አይችልም የሚል ሰው አለ። አልስማማም። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ካሉ 12 ቀበሌዎች ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እንዲነሳ ተወስኖ ማጓጓዝ ተጀምሮ ነበር። የተነሳው ሰው ኑሮ በድንኳን ከባድ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ሰው ከሞት በፊት እንዲነሳ ተደርጓል። ምልክት ታይቶ ውሳኔ ከተሰጠ ይቻላል ማለት ነው። ተዳፋት ላይ የሚኖረውም ሰው ምልክቶቹን ይወቅ፦ አዲስ ስንጥቅ፣ ዘንበል ያለ ዛፍ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ ትናንት የሚዘጋ የነበረ በር ዛሬ አልዘጋ ሲል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ሌሊት ወደ እሳት አደጋ፣ 939፣ ደውዬ ነበር። ያነሳችው ልጅ በትህትና አድራሻ ጠየቀችኝ። «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ ከሻይ ቤቱ በስተግራ» ነው ያልኳት። ሌላ የማውቀው አድራሻ የለኝም፣ ግርግሩ ውስጥ ሆኜ ሌላ ምን እንደምል ጠፋኝ። መኪናው ሲመጣ ደግሞ መታጠፊያው ላይ በቆሙ መኪኖች ምክንያት መግባት አልቻለም። ቃጠሎ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ በሙሉ ይነድ ነበር። አሁን ሰፈሩን የሚያስገኝ አድራሻ በወረቀት ተጽፎ በየቤቱ በር ጀርባ ተለጥፏል። መታጠፊያው ላይ መኪና እንዳይቆምም በስብሰባ ወስነናል።

የእኛ እድር በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ይሰበሰባል። በከተማው የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ይህን ካነበቡ አንድ ሰው ለሁለት ሰዓት እንዲልኩልን እለምናለሁ። አበል የምንከፍለው ገንዘብ የለንም፣ ቡና እናፈላለን። ከስብሰባው በኋላ ወንዙ ዳር ይዤው እወርዳለሁ። ሁለት ግቢዎች ላይ ካቡ ሆዱን ነፍቷል። ዝናቡ ሳይጠና አይቶ፣ ባለቤቶቹ ይነሱ ወይስ ይቆዩ፣ በግልጽ እንዲነግረን ነው የምፈልገው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ