«ቁልፍ» ከማለት ላወጣችሁኝ ሁሉ

ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ግማሽ ሰዓት ስጽፍ ጭንቅላቴ ይዝላል፤ ጋደም ብዬ እነሳና ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። አንዳንድ ቦታ ነገሩ ቢዘባረቅብኝ እለፉኝ።

አምና በጥቅምት፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ስወጣ መኪና ገጨኝ። እኔ ምንም አላስታውስም። የዚያን ዕለት ቁርስ መብላቴን እንኳ አላውቅም፤ የምጽፈው የተነገረኝን ነው። ሰው ተሰብስቦ «አንሱት፣ ውሃ አፍስሱበት» ሲል አንድ ሊስትሮ «አንገቱን እንዳትነኩት!» ብሎ ጮኸ አሉ። አምቡላንስ እስኪመጣ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆየ። የት እንደተማረው በኋላ ጠየቅኩት። «ወንድሜን ሲያነሱት አይቻለሁ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

መጀመሪያ የደረስኩበት ሆስፒታል መያዣ ካልተከፈለ አልቀበልም ብሎ ባለቤቴን ደጅ አስጠናት። ስሙን አልጠራም፤ የምስጋና ቀን ነው። ከዚያ ጥቁር አንበሳ ገባሁ።

የሰው ንቃት የሚለካበት ነጥብ አለ። ዓይን መግለጥ፣ መናገርና መንቀሳቀስ ተደምሮ ከ15 ይያዛል። ትንሹ 3 ነው፤ ዜሮ የለም። እኔ 9 አመጣሁ። ልጄ «ሒሳብም ላይ ከዚህ በልጠህ አታውቅም» እያለ ይስቅብኛል። ከራስ ቅሌ ስር የተጠራቀመውን ደም አጥንቱን በስተው አፈሰሱልኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በፈረንጆቹ 2006 ነው። ከዚያ በፊት ተገጭቼ ቢሆን ማን እጅ ላይ እንደምወድቅ እንጃ። ሐኪሞቼን፣ ነርሶቼን፣ ሌሊት አልጋዬን የቀየሩልኝን የጽዳት ሠራተኞች እግዜር ይስጥልኝ። ፊታችሁን አላስታውሰውም።

የከበደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቁስሉ ደረቀ፣ ፀጉሬ በቀለ፣ ጠያቂው ሁሉ «ተመስገን፣ ድነሃል» አለ። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ሰው ሆኛለሁ። ቲቪ ሲከፈት እሳደባለሁ። ሻይ ቢዘገይ ብርጭቆ እወረውራለሁ። ቡና ሲቆላ አይሸተኝም፤ ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ነው የማውቀው። ቃል ደግሞ ይጠፋኛል። ማንኪያውን «ቁልፍ»፣ ውሃውን «ቁልፍ»፣ ባለቤቴንም «ቁልፍ»። 30 ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝና ከዚያ ሁሉ ቃል እሷ ብቻ ተርፋልኝ ይሆናል። የልብሱ ትሁን የበሩ፣ እሱንም አላውቅም። አባታችን ሆይን ግን አንድ ቃል ሳልስት እደግማለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ «እያወቀ ነው» አለኝ። ከመኪናው የባሰ ያመመኝ ይህ ነው።

ባለቤቴ ለእግሬና ለእጄ ፊዚዮቴራፒ አላጣችም። የንግግር ቴራፒስት ስትጠይቅ ግን «ለልጅ ነው?» ይሏታል። በመጨረሻ መንገዱን ያሳየችን ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምታሳድግ የድሮ ጎረቤታችን ናት። እቴ፣ ውለታሽ አለብኝ።

ቴራፒስቷ ከትልቋ ልጄ በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። መጀመሪያ ሥዕሎች አሳየችኝ፤ ፖም፣ ጀልባ። ተናደድኩ። በሚቀጥለው ቀን ባለቤቴን ከሱቅ ዕቃ ይዛ እንድትመጣ አዘዘቻት። መቀስ፣ ሜትር፣ ክር፣ ዚፕ፣ አንድ ጣሳ ሙሉ ቁልፍ። መቀሱን እጄ ላይ አስቀመጠችና ዝም አለች። ሰው ሁሉ ቃሉን ቶሎ ያቀብለኛል፤ እሷ ትጠብቃለች። እጄ መቀሱን ከፈት ዘጋ ያደርጋል፣ አፌ አልከፈት ይላል። በሰባተኛው ሳምንት «መቀስ» አልኩ። ሁለታችንም ደነገጥን።

ቤተሰቤን ሰብስባ ያስረዳቻቸውም እሷ ናት። ተሸምድዶ የኖረ ጸሎት፣ ዘፈንና ቁጥር አንዳንዴ ሳይነካ ይተርፋል፤ አስቦ መናገር ግን ሌላ መንገድ አለው። የንዴት ልጓም የሚያዘው በፊተኛው የአንጎል ክፍል ነው። የሽታ ነርቮችም ወንፊት በመሰለ ስስ አጥንት በኩል ስለሚያልፉ ጭንቅላት ሲናወጥ ሊበጠሱ ይችላሉ። እንደ ክር ማለት ነው፤ ይህችን ያለ አስረጂ ገባኝ። ትልቋ ልጄ ወጥታ አለቀሰች። ስድስት ወር ሙሉ የጠላኋት መስሏት ነበር።

ጸበልም ሄጃለሁ። «መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ» ብለው የመለሱኝን አባት እጃቸውን እስማለሁ።

አሁን እድራችን። በ2016 በኮሪደር ልማቱ ከዶሮ ማነቂያ ተነስተን በየአቅጣጫው ተበትነናል። ሆኖም በየማክሰኞው አንድ ሰው ሁለት ታክሲ ይዞ መጥቶ ቴራፒ ያደርሰኝ ነበር፤ ብቻዬን እጠፋለሁና። ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረችው የድሮዋ ፒያሳ ናት። ወደ ሰፈሬ ታጥፌ ስገባ ሰፈር የለም። አንዴ ደርቄ ስቀር አብሮኝ የነበረው ጎረቤቴ «አይዞህ፣ እኛም ጤነኞቹ ይጠፋናል» አለኝ። ሊቀመንበራችን ደግሞ ሳልሞት እድሩን ወጪ ያስወጣሁ የመጀመሪያው አባል እኔ እንደሆንኩ እየነገሩ ይከሱኛል። ክሱ ልክ ነው።

ለባለቤቴ የምለውን እዚህ አልጽፍም። አሁን በስሟ ነው የምጠራት።

የቀረኸኝ አንተ ነህ፣ ሊስትሮው። ልጠይቅህ የመጣሁ ቀን ከሳጥንህ ስር የግራ እግር ጫማዬን አወጣህ። አምቡላንሱ ጥሏት የሄደውን ስድስት ወር አስቀምጠህ፣ ቀብተህ አብረቅርቀሃታል። ቀኟን ባለቤቴ ጥላት እንደነበር ልነግርህ አፈርኩ። ገንዘብ ስሰጥህ «ተወው ፋዘር» አልከኝ። እሺ ብዬ ወገብህን ለካሁ። ሰሞኑን ሁለት ጊዜ መጥቼ ከቦታህ አጣሁህ። ሱሪህ ደርሷል። ቁልፉን ለመትከል አንድ ሰዓት ስለፈጀብኝ ትንሽ ጠመም ብሏል። ና ውሰድ።