የብረት ሕንፃ በኪሎ ዋጋ ብቻ አይለካም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ብረትና አርማታ ሲወዳደሩ አሠሪው ቀድሞ የሚጠይቀው የኪሎውን ዋጋ ነው። ሒሳቡ ግን መጀመር ያለበት ከመሠረቱ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ፣ አርማታ 2,500 ያህል ቢመዝንም ብረት ያንኑ ጭነት በጣም ቀጭን ሆኖ ይሸከማል። ሕንፃው ሲቀል መሠረቱ ያንሳል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያመጣው ግፊትም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ይህ ተራ ነገር አይደለም።

የአርማታ ጥንካሬ የሚረጋገጠው ከተሞላ በ28ኛው ቀን ነው። የብረት ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) እና ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ግን መሠረቱ እየጠነከረ ሳለ ወርክሾፕ ውስጥ ተቆርጦና ተበስቶ ይጠብቃል።

ስህተቱ የሚበዛው ብረቶቹ የሚገጣጠሙበት ቦታ ላይ ነው። ለ20 ሚሊ ሜትር ቡሎን የሚበሳው ቀዳዳ 22 ነው፤ ከሁለቱ ሚሊ ሜትር ልዩነት በላይ መዛነፍን አይችልም። መሠረት ውስጥ የሚቀበሩት ቡሎኖች ከቦታቸው ከሸሹ ኮለኑ ይዛባል፣ ከላይ ያለው ቢምም አይገጥምም። ያኔ ቀዳዳውን በእሳት ማስፋት የተለመደ ነው፤ መገጣጠሚያውን ያዳክማል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በልኩ የተበሳ ላሜራ ቡሎኖቹን ይዞ አርማታው ይሞላ፣ ልኩም ከሙሌቱ በፊትና በኋላ ይታይ።

ብረት አይቃጠልም ማለት እሳት አይጎዳውም ማለት አይደለም። 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ያጣል። ስለዚህ እሳት መከላከያ ቀለሙ ወይም የጂፕሰም ሽፋኑ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ።

አንድ የመዋቅር መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ